ኤዳ ላቭሌስና የቤት ትምህርቷ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር ኬንት በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ከካንተርበሪ ከተማ አጠገብ በሚገኝ አንድ የገጠር መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክንፍ ልትሠራ ተነሣች። አሳቡ የአንድ ቀን ጨዋታ አልነበረም። በመጀመሪያ የወፍ ክንፍ ከወፏ አካል ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚመጣጠን ለማወቅ ፈለገች፤ የሰው ክንፍም በዚያው መጠን መሠራት እንዳለበት ገመተች። ቀጥላም ወረቀትን፣ ዘይት የጠጣ ሐርን፣ ሽቦንና ላባን እያማረጠች የትኛው ለምን እንደሚበጅ አሰላሰለች። የወፎችን የአካል አሠራር በሥዕል የሚያስረዳ መጽሐፍ እንዲገኝላት ለእናቷ ጻፈች። ክንፉ ከተሳካላት በኋላ ደግሞ በሆዱ ውስጥ የእንፋሎት ሞተር የተሸከመ፣ ሰው በጀርባው ላይ ተቀምጦ የሚበርበት፣ መልኩ ፈረስ የመሰለ መሣሪያ ልትሠራ አቀደች። ስለ መብረር ጥናት መጽሐፍ ልትጽፍም አሰበች፤ ለመጽሐፉም አስቀድማ ስም አወጣችለት።

ክንፉም አልተሠራም፤ መጽሐፉም አልተጻፈም። ልጅቱ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ገና ላልተሠራ የስሌት መኪና ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር አሳትማ ስሟን ለትውልድ የተወችው ኤዳ ላቭሌስ ነበረች። በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሟን ያውቃል። አንዲት ቀን እንኳ ተማሪ ቤት ሳትገባ፣ ትምህርቷን ሁሉ በቤት ውስጥ መቅሰሟ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ኤዳ የተወለደችው ታኅሣሥ 10 ቀን 1815 ዓ.ም. በለንደን ነው። አባቷ ዝነኛው ባለቅኔ ሎርድ ባይረን፣ እናቷ አናቤላ ሚልባንክ ትባል ነበር። ጋብቻው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ልጅቱ በተወለደች በአምስተኛው ሳምንት እናቲቱ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ባሏን ትታ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ባይረንም በሚያዝያ 1816 ከእንግሊዝ አገር ወጣ፤ በሕይወቱም አልተመለሰም። በ1824 ለግሪኮች ነጻነት ሊዋጋ በሄደበት በሚሶሎንጊ ሲሞት ኤዳ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የአባቷን መልክ አታውቀውም፤ በአያቶቿ ቤት ተሰቅሎ የነበረው የአባቷ ሥዕልም በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። ሥዕሉ ለእርሷ የተሰጣት ካገባች በኋላ ነው።

የትምህርቷ ሥርዓት የተተከለው በዚህ ፍርሃት ላይ ነበር። እናቲቱ ራሷ ሒሳብ የተማረች ሴት ስትሆን፣ የባሏን ጠባይ ያበላሸው ልጓም ያጣ ምናብ ነው ብላ ታምን ነበር። ስለዚህ ያ ደም በልጅቱ ውስጥ እንዳይነቃ ከሕፃንነቷ ጀምራ በቁጥርና በሥርዓት ልታስራት ቆረጠች። ኤዳ አምስት ዓመት ሲሆናት በሰዓት የተከፋፈለ የጥናት መርሐ ግብር ተዘጋጀላት፤ ሒሳብ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሙዚቃና ሌላም ሌላም በየተራ ይመጣሉ። ትምህርቷን በሚገባ ስትወጣ የሽልማት ወረቀት ይሰጣታል፤ ስትዘነጋ ይነጠቅባታል። ራሷን መግዛት እንድትለምድም ሳትንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ እንድትጋደም ይደረግ ነበር። የእናቷ ወዳጆች የሆኑ ሴቶችም ጠባይዋን እየተከታተሉ ለእናቷ ያስታውቁ ነበር።

በእርግጥ በዚያን ዘመን ለአንዲት እንግሊዛዊት ልጅ ከቤት ሌላ ከፍ ያለ ትምህርት የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ደጆች ለሴቶች ዝግ ነበሩ፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ እንኳ ለሴቶች የዲግሪ በር የከፈተው በ1878 ነው። ገንዘብና ዕውቀት ያለው ቤተሰብ መምህራንን ወደ ቤት ይጠራል፤ የሌለው ልጁን እንዲሁ ያስቀራል። ለኤዳ ከተጠሩት መምህራን አንዱ አስቀድሞ እናቷን ያስተማረው ዊልያም ፍሬንድ ነበር።

ይሁን እንጂ እናቲቱን በሽልማት ወረቀቶቹ ብቻ መፍረድ ፍርድ ማጓደል ነው። ይህችው ሴት በስዊዘርላንድ ሆፍቪል በተባለ ስፍራ ፌለንበርግ ያቋቋመውን፣ እጅና አእምሮ አብረው የሚሠሩበትን ትምህርት ቤት አይታ አድንቃ፣ በ1834 በለንደን አጠገብ በኢሊንግ ለድኾች ልጆች ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፈተች። በዚያም ልጆቹ ከፊደልና ከቁጥር ሌላ እያንዳንዳቸው የአትክልት መደብ ተሰጥቷቸው ይቆፍሩ፣ ይዘሩ፣ ያመርቱ ነበር። የሰው ልጅ በእጁ የነካውን እንደማይረሳ ለማያውቃቸው ልጆች የተረዳች እናት፣ የራሷን ልጅ ግን ሳትነቃነቅ እንድትጋደም ማድረጓ የሚያስገርም ነው።

በ1829 ኤዳ ኩፍኝ ያዛት፤ ሕመሙም እግሮቿን አሰነፋቸው። አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በምርኩዝ ትሄድ ነበር። ክንፍ የተመኘች ልጅ መራመድም ተሳናት። መጽሐፍ ግን አልተከለከለችም፤ ትምህርቷ በአልጋዋ አጠገብ ቀጠለ።

ከአልጋ ተነሥታ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ በሰኔ 1833፣ በለንደን በአንድ ግብዣ ላይ ከሒሳብ ሊቁ ከቻርልስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላም ከእናቷ ጋር ወደ ቤቱ ሄዳ የልዩነት መኪና የተባለውን ሥራውን አየች። ያየችው ሙሉውን አይደለም፤ በ1832 የተገጣጠመውን ሰባት አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ያህል ክፍሎች ያሉት፣ ከናስና ከብረት የተሠራ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጥርሳም መዘውሮች በዓምድ ላይ የተደረደሩበት መሣሪያ ነበር። ብዙ እንግዶች አይተውት በውበቱ ተደንቀው ይሄዱ ነበር። ኤዳ ግን አሠራሩን መመርመር ጀመረች።

የመኪናው ጥበብ ባቄላ ይዞ መሬት ላይ የተቀመጠ ልጅ ሊሞክረው የሚችል ነው። ባቄላዎቹን በአራት ማዕዘን ቢደረድራቸው በመጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 4፣ ከዚያም 9 እና 16 ይሆናሉ። ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ለመድረስ የሚጨመሩት 3፣ 5 እና 7 ናቸው፤ እነዚህም እርስ በርሳቸው የሚበላለጡት ዘወትር በ2 ነው። እንግዲህ ማባዛትን ከቶ የማያውቅ ሰው 2ን በ7 ላይ፣ የተገኘውን 9ን ደግሞ በ16 ላይ ቢደምር የሚቀጥለውን 25ን ያገኛል። ባቤጅ ያደረገው ይህንኑ መደመር ለመዘውሮች መስጠት ነው። እጀታው በዞረ ቁጥር ድምሩ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይተላለፋል። ባቤጅ እንግዶቹን ማስደነቅ ሲፈልግ፣ መኪናው ለብዙ ጊዜ በአንድ ሕግ ሲቆጥር ከቆየ በኋላ በድንገት በሌላ ሕግ እንዲቆጥር አስቀድሞ ያዘጋጀው ነበር። ተመልካቹ መኪናው የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለውጡ ከመጀመሪያው የታዘዘ ነበር።

በ1834 እናትና ልጅ የእንግሊዝን የኢንዱስትሪ አውራጃዎች ሊጎበኙ ወጡ። በየፋብሪካው እየገቡ መኪናዎች ሲሠሩ ተመለከቱ፤ ከእነዚህም መካከል ፈረንሳዊው ዣካር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያወጣው የሽመና መሣሪያ ይገኝበታል። ሸማኔ ጥለት ለማውጣት የትኞቹ የድር ክሮች እንደሚነሡና የትኞቹ እንደሚቀሩ፣ ማጉ ባለፈ ቁጥር መወሰን አለበት። ዣካር ይህን ውሳኔ በወፍራም ወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ ጻፈው፤ ቀዳዳ ባለበት ድሩ ይነሣል፣ በሌለበት ይቀራል። አንድ ካርድ ለአንድ የማግ መስመር ነው። ካርዶቹ ተሰፍተው በተራ ሲያልፉ አበባው፣ ቅጠሉ፣ ሐረጉ በጨርቁ ላይ ይወጣል። እናቲቱ ከካርዶቹ የአንዱን ሥዕል በወረቀት ላይ አነሣች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ አይከፋም፤ ባይረን በ1812 በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው በኖቲንግሃም አካባቢ አዲሶቹን የካልሲና የዳንቴል መሥሪያ መኪናዎች የሰበሩ ሠራተኞች በሞት እንዳይቀጡ ለመከራከር ነበር። አባት በመኪና ምክንያት እንጀራቸውን ላጡ ቆመ፤ ልጅ ደግሞ በሌላ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የካርዱን ቀዳዳ ታጠና ነበር።

በዚያው ዓመት ኤዳ ራሷ መምህር ሆነች። የእናቷ ወዳጅ ለሆኑ እመቤት ሁለት ልጆች ጂኦሜትሪን በደብዳቤ ታስተምር ጀመር። በዚሁ ዘመን ካገኘቻቸው መምህራን ሁሉ ትልቋ ሜሪ ሶመርቪል ናት። ይህች ስኮትላንዳዊት በልጅነቷ ሌሊት ሒሳብ እንዳታጠና ወላጆቿ ሻማዋን ይወስዱባት ነበር ይባላል፤ በ1831 ግን ላፕላስ ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ የጻፈውን ከባድ ሥራ በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ አቀረበች። ለኤዳ መጽሐፍ አዋሰቻት፤ ወደ ባቤጅም ቤት ይዛት ትሄድ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ ሴት ልጅ የሒሳብ ሊቅ ልትሆን እንደምትችል በዓይኗ አሳየቻት።

በሐምሌ 1835 ኤዳ ዊልያም ኪንግ የተባለ መኳንንት አገባች፤ ባሏ በ1838 የላቭሌስ ኧርል ስለ ተባለ እርሷም በዚሁ ስም ታወቀች። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች ወለደች። ሒሳቡ ግን አልለቀቃትም። በየካቲት 1840 ለባቤጅ በጻፈችው ደብዳቤ ስለ አንድ ጨዋታ ታነሣለች። ሠላሳ ሰባት ቀዳዳዎች ባሉት ገበታ ላይ ትናንሽ ችካሎች ይተከላሉ፤ አንዱ ይነሣና ሌሎቹ እርስ በርሳቸው እየተዘላለሉ ይበላላሉ፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ከቀረ ተጫዋቹ አሸነፈ። ኤዳ ጨዋታውን ደጋግማ በመሞከር ማሸነፊያውን አግኝታለች፤ ይህ ግን አላረካትም። ማሸነፊያው በሒሳብ ቋንቋ በሕግ መልክ ሊጻፍ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። የአሠራር ሥርዓትን በምልክት የመጻፍ አሳብ በቀጥታ የሚታየው በዚህች ደብዳቤ ላይ ነው፤ ሳለች የላከችለትም የጨዋታ ገበታ ነበር።

በዚያው ዓመት በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ኦገስተስ ዲ ሞርጋን በደብዳቤ ሊያስተምራት ተስማማ። ሚስቱ የዊልያም ፍሬንድ ልጅ ስለ ነበረች ዝምድናው የቆየ ነበር። ኤዳ ጥያቄዋን ትጽፋለች፣ ሙከራዋን ትልካለች፤ እርሱ ያርማል፣ ይመልሳል። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ስሕተቶች አሉ፤ ያላወቀችውን አላወቅሁም እያለች የመጨረሻውን ምክንያት እስክታገኝ የምትጠይቅ ተማሪም ትታያለች። ዲ ሞርጋን በ1844 ለእናቷ በጻፈው ደብዳቤ የኤዳ ችሎታ ከተራ ጀማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እጅግ የላቀ መሆኑን ገለጠ። ግን ይህን አስተያየቱን ለራሷ ለኤዳ ደብቆት ነበር፤ ብርቱ ጥናት የሴትን አካል ይጎዳል ብሎ ፈርቷልና።

ባቤጅ በበኩሉ ከ1834 ጀምሮ ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ፣ የትንተና መኪና የተባለ አዲስ አሳብ ይዞ ነበር። ይህ መኪና ቁጥሮች የሚቀመጡበት ጎተራና ስሌቱ የሚፈጸምበት ወፍጮ አለው፤ ስሞቹን ያወጣላቸው ባቤጅ ራሱ ነው። ምን መሠራት እንዳለበት የሚነግሩትም የዣካርን ምሳሌ የተከተሉ ባለ ቀዳዳ ካርዶች ናቸው። ባቤጅ በ1840 ወደ ቱሪን ሄዶ አሳቡን ለኢጣልያ ሊቃውንት አስረዳ። ከአድማጮቹ አንዱ፣ በኋላ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቃው ሉዊጂ ሜናብሬያ፣ በ1842 ስለ መኪናው በፈረንሳይኛ ጽፎ በጄኔቭ አሳተመ። ኤዳ ይህን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችው፤ በባቤጅም አሳብ አመጪነት የራሷን ማብራሪያዎች ጨመረችበት። ማብራሪያዎቹ ሰባት ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው ከጽሑፉ ከሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

የመጨረሻው ማብራሪያ ዋና ነገር አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። በሒሳብ የቤርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን መኪናው እንዴት እንደሚያሰላ በሃያ አምስት ተራ ያሳያል። በየተራው የሥራው ዓይነት፣ ከየትኞቹ ዓምዶች ቁጥር እንደሚወሰድ፣ ውጤቱ በየትኛው ዓምድ እንደሚቀመጥ፣ በዚያም ላይ የነበረው ቁጥር ይለወጥ ወይም ይቆይ እንደሆነ ተጽፏል። ከ13ኛው እስከ 23ኛው ያሉት ሥራዎች ለሚቀጥለው ቁጥር ተመልሰው የሚደገሙ ናቸው። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። ኤዳ ግን ሠንጠረዡን ስታዘጋጅ የምትሞክርበት መኪና አልነበራትም፤ መዘውሮቹን በአእምሮዋ እያዞረች፣ እያንዳንዱን ዓምድ በእርሳስ እየተከተለች ነበር የሠራችው። በሐምሌ 1843 ባሏ ጎንበስ ብሎ በእርሳስ የጻፈቻቸውን በቀለም ይደግምላት ነበር። ባቤጅ የአልጀብራውን ሥራ ሊያግዛት ሠርቶ በላከላት ጊዜ ከባድ ስሕተት አግኝታበት መልሳ እንደ ላከችለት እርሱው ራሱ በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መስክሯል። በታተመውም ሠንጠረዥ በአራተኛው ተራ አካፋይና ተካፋይ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ ምናልባት የአታሚው እጅ ይሆናል።

የመጀመሪያዋ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደራሲ እርሷ ናት መባሉ ሲያከራክር ኖሯል። ባቤጅ ከ1836 ጀምሮ ለመኪናው ብዙ አጫጭር የስሌት ዝርዝሮች ጽፎ እንደ ነበር ከወረቀቶቹ ታውቋል፤ ስለዚህ ቀዳሚነቱን ሁሉ ለእርሷ መስጠት ልክ አይሆንም። በሌላ በኩል እርሱ በመሳቢያው የተዋቸውን ያህል ያልሆነ፣ የተሟላና የተብራራ ሥራ ለሕዝብ ያቀረበችው እርሷ ናት። ከዚህም የሚበልጥ የራሷ የሆነ አሳብ አለ። ባቤጅ ትኩረቱ በቁጥር ላይ ነበር። ኤዳ ግን ሕጋቸው በምልክት ሊገለጥ የሚችል ነገሮች ሁሉ፣ ለምሳሌ የሙዚቃ ድምፆች፣ በዚህ መኪና ሊሠሩ እንደሚችሉ አስተዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሙዚቃ የተማረች፣ ጥለት ከቀዳዳ ሲወጣ ያየች ሰው ይህን ማሰቧ አያስደንቅም። ወዲያውም መኪናው ከራሱ አንዳች እንደማያመነጭና የታዘዘውን ብቻ እንደሚፈጽም አስጠነቀቀች። እናቲቱ ልታጠፋው የፈለገችው ምናብ እነሆ በሠንጠረዡ ውስጥ ከሥርዓት ጋር ታርቆ ተገኘ።

ሥራው በ1843 ሲታተም ከስሟ ሦስት ፊደላት ብቻ ተቀመጡበት። ባቤጅ በመንግሥት ላይ ያለውን ቅሬታ አብሮ ሊያሳትም ፈልጎ ስለ ነበር እርሷ እምቢ ብላ ተጣሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ታረቁ። የመኪናውን ሥራ ከመንግሥትና ከሰው ጋር የሚያገናኘውን ጉዳይ እርሷ ልትይዝለት ብትጠይቅም አልተስማማም። መኪናውም ሳይሠራ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ጤናዋ ተናጋ፤ ለሕመሟ የታዘዘላት የኦፒየም መድኃኒት ልማድ ሆነባት። በፈረስ ውድድር ቁማር በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ከሰረች፤ የባሏን ቤተሰብ አልማዝ እስከ ማስያዝም ደረሰች፤ ዕዳዋን እናቷ ከፈለች። በኅዳር 27 ቀን 1852 ዓ.ም. በማኅፀን ካንሰር ሞተች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነበረ፤ አባቷም የሞተው በዚሁ ዕድሜ ነው። በራሷ ኑዛዜ በኖቲንግሃም ክፍለ ሀገር በሃክኖል ቤተ ክርስቲያን፣ ፈጽሞ ካላወቀችው አባቷ አጠገብ ተቀበረች።

ማብራሪያዎቿ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ አንባቢ አላገኙም። አላን ቱሪንግ በ1950 መኪና ማሰብ ይችል እንደሆነ ሲመረምር ማስጠንቀቂያዋን አንሥቶ ተከራከረበት፤ በ1953 ደግሞ ሥራው እንደገና ታተመ። በ1980 የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው የኮምፒዩተር ቋንቋ ኤዳ ተባለ፤ የደረጃው ቁጥርም የተወለደችበት ዘመን 1815 ሆነ። በ1991 በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ባቤጅ በኋላ ያሻሻለው ሁለተኛው የልዩነት መኪና ስሌት የሚሠራው ክፍሉ በሥዕሎቹ መሠረት ተሠርቶ በትክክል አሰላ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ስለ ክንፍ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች፣ ከዲ ሞርጋን ጋር ከተላላከቻቸው የሒሳብ ወረቀቶች ጋር፣ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በአንድ የቤተሰብ ክምችት ውስጥ ተቀምጠዋል።